ስንዱ ደውላ ነበር

ሞምባሳ ወደብ ላይ የቆመው የሽርሽር መርከብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ሲሸልስ ሊነሣ ነው፤ ወይዘሮ ዘውድነሽ ፓስፖርቷን ከእንግዳ መቀበያው ተቀብላ ወደ ክፍላቸው ተመልሳ፣ ከበሩ ሳትርቅ ባሏን አቶ ልሳኑን ትሞግተዋለች።

ዘውድነሽ፦ አትጩህብኝ። የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነው። ለእኔ የተደወለ ስልክ ለምን ለአንተ ይነገራል?

ልሳኑ፦ እኔ መቼ ጮኽኩ? ክፍሉ በስሜ ነው የተያዘው፤ የመርከቡ ደንብ ነው።

ዘውድነሽ፦ ደንቡስ ሌላ ነው። የተሳፋሪ መልእክት ለራሱ ለተሳፋሪው ነው የሚሰጠው አለችኝ፣ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ። «ባለቤትዎ ግን መጥተው ሚስቴ ታማሚ ናት፣ ድንጋጤ አይስማማትም፣ የሚደወልላትን ሁሉ ለእኔ ንገሩኝ፣ ስልኳንም ከኢንተርኔቱ አውጡልኝ ብለው ስለለመኑን ነው» ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። የማውቅ መስሏት ነበር። ከመቼ ወዲህ ነው የታመምኩት?

ልሳኑ፦ ግፊት አለብሽ እኮ።

ዘውድነሽ፦ ግፊት ያለብህ አንተ ነህ። ኪኒንህን እንኳ እኔ ካላስታወስኩህ አትውጥም።

ልሳኑ፦ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። ስንት ዘመን ከዚያ ሱቅ ሳትወጪ ኖረሽ፣ አሁን ገና አንድ ጊዜ እረፍት ብትወጪ...

ዘውድነሽ፦ ባሕር ላይ ኔትወርክ የለም አልከኝ። ከጎናችን ያሉት ሽማግሌዎች ከልጅ ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ሲሳሳቁ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። እነሱ በሌላ ባሕር ነው እንዴ የሚሄዱት ብዬ ለራሴ ሳቅሁ። አምኜህ ነው ዝም ያልኩት፣ ልሳኑ።

ልሳኑ፦ እሺ፣ አጥፍቻለሁ። አሁን ፓስፖርቱን ስጪኝና ልመልሰው። መርከቡ ነው የሚይዘው።

ዘውድነሽ፦ ባለቤቱ ከጠየቀ ይሰጡታል። ጠየቅሁ፣ ሰጡኝ። የአንተን አላመጣሁም፤ በዚህ ላይ ያለው የእኔ ፎቶ ነው። ኬንያ ለእኛ ቪዛ አትጠይቅም፤ ከዚህም ወደ አዲስ አበባ አውሮፕላን አለ። ስለዚህ ንገረኝ፤ ስንዱ ምን ብላ ነው የደወለችው? እህቴን አውቃታለሁ፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ እንኳ ሚስኮል አድርጋ የምትጠብቅ ሰው ናት። መርከብ ድረስ ለሰላምታ አትደውልም።

ልሳኑ፦ እናትሽን ትንሽ አመማቸው ነው ያለችው። በብርድ ወቅት መቼ ሳያማቸው ቀርቶ ያውቃል? ተሽሏቸዋል።

ዘውድነሽ፦ ከተሻላት አገናኘኝ።

ልሳኑ፦ አሁን ተኝተው ይሆናል።

ዘውድነሽ፦ በዚህ ሰዓት? እማዬ ዶሮዎቿን ሳታስገባ ጎኗን አሳርፋ ታውቃለች?

ልሳኑ፦ ዘውዴ፣ ጥቂት ቀን ነው የቀረን። ሲሸልስን አይተን በአውሮፕላን ቦሌ እንወርዳለን። ሁሉንም አስተካክያለሁ፤ ታክሲ እንኳ አንፈልግም። የሚቀበሉን ሰዎች አሉ።

ዘውድነሽ፦ እነማን?

ልሳኑ፦ ስንዱ አለች። ጋሼ መኩሪያም ይመጣሉ።

ዘውድነሽ፦ አጎቴ? ጉልበቴ አይችልም ብለው ከሠርጋችን የቀሩት ሰውዬ፣ ከደብረ ብርሃን ቦሌ ድረስ?

ልሳኑ፦ ብቻቸውን አይደሉም። የነፍስ አባትሽም አብረው አሉ። የእድሩ ዳኛ ናቸው የሚያመጧቸው።

ዘውድነሽ፦ የእድሩ ዳኛ።

ልሳኑ፦ ሚኒባስ ስላላቸው ነው።

ዘውድነሽ፦ አጎቴ፣ የነፍስ አባቴ፣ የእድሩ ዳኛ። ከሽርሽር የሚመለስን ሰው እነዚህ ናቸው አበባ ይዘው የሚቀበሉት?

ልሳኑ፦ ቁጭ በይ።

ዘውድነሽ፦ እማዬ ሞታለች።

ልሳኑ፦ እባክሽ ቁጭ በይ።

ዘውድነሽ፦ ቆሜ እሰማለሁ።

ልሳኑ፦ ከትናንት በስቲያ ነው። ትናንት ተቀበሩ። አሁን ብትሄጂም አትደርሺበትም። ምን ላድርግ? ባሕር መካከል መርዶ ይነገራል? ማን ይይዝሻል? ማን አብሮሽ ያለቅሳል? የጎረቤታችን ልጅ የጥሩሰው አባት የሞተ ጊዜ፣ ልጁ ፈተናውን እስኪጨርስ ሰፈሩን ሁሉ አፉን ያስያዝሽው አንቺ አይደለሽም? በንጋት ሽማግሌ ሰብስበሽ አስነገርሽው። እኔም ያንኑ ነው ያደረግሁት።

ዘውድነሽ፦ ለመርዶው አልወቅስህም። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ያንን አደርግ ይሆናል። ስንዱ መጀመሪያ የደወለችው መቼ ነው?

ልሳኑ፦ አሁን ይኼ ምን ያደርግልሻል?

ዘውድነሽ፦ መቼ ነው?

ልሳኑ፦ ዛንዚባር እያለን።

ዘውድነሽ፦ ምን ብላ?

ልሳኑ፦ ሆስፒታል ገብተዋል፣ ስምሽን እየጠሩ ነው ብላ። ሐኪሙ ግን ይድናሉ ብሏል አለችኝ። እንዲህ ይሆናል ብዬ መቼ አሰብኩ?

ዘውድነሽ፦ ዛንዚባር። ቅመማ ቅመም ገበያ የወሰድከኝ ቀን። ለእናትሽ ብለህ ቅርንፉዱን እያሸተትክ የመረጥክልኝ አንተ ነህ። ያን ጊዜ ታውቅ ነበር።

ልሳኑ፦ ይድናሉ ብዬ ነው እኮ የመረጥኩት።

ዘውድነሽ፦ መርዶ ተደበቀ የሚባለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፣ ልሳኑ። ያን ቀን እማዬ በሕይወት ነበረች። የደበቅኸኝ መርዶ አይደለም፤ እየጠራችኝ ያለች እናቴን ነው።

ልሳኑ፦ አልቅሺ። እንዲህ ደርቀሽ አትቁሚ፣ አልቅሺልኝ። ዘውዴ። ነጠላሽን ምን ልታደርጊው ነው?

ዘውድነሽ፦ አየር ልቀበል።

ልሳኑ፦ ጥሩ፣ ነፋሱ ይሻልሻል። አብሬሽ ልምጣ?

ዘውድነሽ፦ ተቀመጥ። ኪኒንህ ላይኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ በባዶ ሆድ አትውሰደው። ቅርንፉዱ ሻንጣው ኪስ ውስጥ አለ።

ልሳኑ፦ እሺ። የያዝሽውን ፓስፖርትም ስታልፊ መቀበያው ላይ መልሺው። እራት የመስኮቱን ጠረጴዛ ይዤልሻለሁ፤ ባሕሩን ስታዪ ትንሽ ትረጋጊያለሽ። ወደ ወደቡ መውረጃው ጋ እንዳትቆሚ ግን፤ መሰላሉን ሊያነሡ ስለሆነ ግርግር ነው።