ቀይ ክር ስለታሰረባቸው ሽምብራዎች

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ፈንታነሽ አዳነ
ዕድሜ፦ 47 ዓመት
ሥራ፦ ግብርና
አድራሻ፦ ደቡብ ጎንደር፣ ይፋግ አካባቢ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ታኅሣሥ 26 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጧት
ጉዳዩ፦ በምርምር ማሳ ላይ የደረሰ ጉዳት
ተጠርጣሪ፦ አቶ ደሳለኝ ብርሃኑ

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ምስክር ከተጠርጣሪው ጋር ጎረቤት ነኝ። ዝምድና የለንም፤ በድንበር ምክንያት ከተኳረፍን ቆይቷል። ይህን ያስቀደምኩት ሌላ ሰው መጥቶ ሳይነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ከደብረ ታቦር የምትመጣው የሰብል ተመራማሪ ወ/ሪት ሰላማዊት ከእኛ ማሳ አጠገብ ብዙ ዓይነት ሽምብራ በመስመር አስዘርታ ነበር። የማሳዋ ጠባቂ ደሳለኝ ነው። በኅዳር ወር የሚያጠወልገው በሽታ ገባና የእኛም የእሷም ሽምብራ ከሥሩ ይደርቅ ጀመር። በኋላ ስናይ በእሷ ማሳ ውስጥ አንዳንድ ቦታ ለምለም ሆነው የቀሩ አሉ፤ ሁሉም ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ክር ያለበት ለምልሞ ክር የሌለበት ደርቆ ማየት ደስ አይልም። ሰፈሩ ሁሉ ክሩ የሌላውን ወዝ እየሳበ ነው፣ ይነቀል አለ፤ እኔም አልኩ። ተመራማሪዋ ስትስቅም ስታቀረቅርም በክፉ እተረጉምባት ነበር።

ታኅሣሥ 19 ቀን የገብርኤል ዕለት ሰው ሁሉ ወደ ንግሡ ሄዶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ደሳለኝ የተሞላ የማዳበሪያ ጆንያ ተሸክሞ ከማሳው በኩል ሲወጣ አየሁት። አመሻሹ ላይ ክር የታሰረባቸው ሁሉ መነቀላቸው ተሰማ። ለቀበሌው ሚሊሻ ደሳለኝ ነው ብዬ የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ ግን አላየሁም። ለጥጃዬ ያጨድኩት ሣር ነው ማለቱን ብሰማም አላመንኩትም።

ነገሩ ግን አልዋጥልኝ አለ። በእኛ አገር መንገደኛ የሽምብራ እሸት ቢቀጥፍ ሌባ አይባልም፤ የሚቀጥፈውም ከዳር ነው። ይህኛው መሃል ድረስ ገብቶ እየመረጠ ከነሥሩ ነቅሏል። እሸት ያማረው ሰው እንዲህ አያደርግም። በማግስቱ የባለቤቴን የአቶ ይሻውን ጋቢ ላጥብ ሳነሣ ደረቱ ላይ አረንጓዴ እድፍ አየሁ። በምላሴ ስነካው ኮመጠጠኝ። ለምለም የሽምብራ ቅጠል እንዲህ ነው፤ ይኮመጥጣል፣ እጅም ያቃጥላል። የእኛ ሽምብራ ግን ደርቆ አልቋል። በዚያ ሰሞን በአካባቢያችን ለምለም የነበረው ክር የታሰረበት ብቻ ነው። እጅህን አሳየኝ ስለው መዳፉ ቀልቶ ነበር።

"ከነክሩ ነቅዬ ገደል ጨመርኩት። አንቺም ስትይው የነበረውን ነው ያደረግሁት" አለኝ። ደሳለኝ ታስሮ ሚስቱ ሕፃን አዝላ ስንቅ ስታመላልስ እያየሁ ወደ ጣቢያ ሳልመጣ ሰነበትኩ።

ትናንት ወ/ሪት ሰላማዊትን መንገድ ላይ ጠብቄ የክሩን ነገር ጠየቅኋት። ክሩ የታሰረው በሽታው ካለፈ በኋላ መሆኑን፣ በሽታውን የቻሉትን ለይታ ዘራቸውን ልታባዛ እንደነበር ነገረችኝ። "እትዬ ፈንታነሽ፣ የቀሩት እነሱ ብቻ ነበሩ። ለእናንተው ዘር ነበሩ" ብላ አለቀሰች። አፈርኩ።

ደሳለኝን አልወደውም፤ ዛሬም አልወደውም። ነገር ግን አልነቀለም። ባለቤቴ ይሻው አሁን ከጣቢያው በር ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው። የመጣሁት በደሳለኝ ላይ ልመሰክር ይመስለዋል።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ የጨመርኩት የለም፤ እውነት ስለመሆኑ የጣት አሻራዬን አኑሬያለሁ።

የምስክር አሻራ፦ ፈንታነሽ አዳነ
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ሀብታሙ ፋሲል (ፊርማ)