ዋስ የሆኑኝ ሐጂ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ጎባ አዋላጅ ነርስ ሆኜ እሠራ ነበር። የመን ሥራ አገኘሁና ቪዛው መጣልኝ። ከአገር ለመውጣት ግን «ባትመለሺ የሚጠየቅ፣ ቤት ያለው ዋስ አምጪ» ተባልኩ። ዘመዶቼ ያሉት ጎጃም ነው፤ ባሌ ውስጥ ማን አለኝ? የሥራ ባልደረቦቼን ብለምን አንዷ «ባለቤቴን ላማክር» ብላ ቀረች፤ ሌላው ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀመረ። አልፈረድኩባቸውም፤ ጊዜው ያስፈራል።

ተስፋ ስቆርጥ ሮቤ ወረድኩ። ሐጂ ከድር የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ፣ ለጉዞዬ እገዛዋለሁ ብዬ ያስቀመጥኩት ሻንጣ ነበር፤ እንደማልወስደው ልነግራቸው ነው።

«አከም ጅርታ፣ ሲስተር? ምነው ፊትሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ታዲያ እኔ ቤት የለኝም?»

ደነገጥኩ። «ሐጂ፣ እርስዎ እኮ በደንብ እንኳ አያውቁኝም! ብቀር ቤትዎን ይወስዱብዎታል።»

«ልጄ ጅዳ ሲገባ ማን ያውቀው ነበር? አንድ የማያውቀው ሰው ኃላፊነት ወስዶለት ነው ሥራና መኖሪያ ፈቃድ ያገኘው። ያንን ሰው የት አግኝቼ ላመስግነው? ነይ፣ ቢሮው ሳይዘጋ እንድረስ» ብለው ሱቃቸውን ቆለፉ። ጎባ አብረን ወጣን፤ ፈረሙልኝ። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ኮንትራቴን ጨርሼ ስመለስ በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። «ሐጂ፣ ይኸው መጣሁልዎ!» አልኳቸው።

አቀፉኝና ሳቁ። «እንኳን በሰላም መጣሽ። እኔስ እዚያው ይመቻት፣ እዚያው ትክበር እያልኩ ነበር ዱዓ የማደርገው» አሉኝ።

ቤታቸውን አስይዘውልኝ እኮ ነው!