ለቁልቢ የሚሆን ሞተር

ከካዛንቺስ ወደ ጎተራ የሚሄደው ታክሲ ሳይነሳ፣ ከኋላዬ ከባሏ ጋር የተቀመጠች ሴት መስኮቱን ክፈትልኝ አለችኝ። ከፈትኩላት። መጨረሻ ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ ወዲያው «ብርድ ነው፣ ዝጋው» አለ፤ ዘጋሁት። ባልና ሚስቱ ወሬያቸውን ቀጠሉ።

«የጃፓኑን ሞተር ተይው፣ ከአቅማችን በላይ ነው። የህንዱ ግን አሮጌ ቢሆንም ጤነኛ ነው።»

«ሁለት ሰው ጭኖ ቁልቢ ገብርኤል ይደርሳል?»

«ቀስ እያልን። አዳማ እናርፋለን፣ አዋሽ እናድራለን።»

«ሰው በአውቶብስ ይሄድ የለ እንዴ?»

«አንቺ በአውቶብስ አዳማ ሳትደርሺ ነው የምታልቂው። ማለቴ፣ ነፋስ ካገኘሽ ምንም አትሆኚም።»

«ለስለት በእግሩ የሚሄድ አለ። እኔ ማስመለስ ይከብደኛል?»

«ስለቱ የሁለታችን ነው። ለምን አንቺ ብቻ ትሰቃያለሽ?»



«የኋላው ወንበር አይቆረቁርም?»

«ሻጩን አንተ ንዳ ብዬው ከኋላ ተቀመጥኩበት። ቃሊቲ ደርሰን ተመለስን።»

«አንተ ከኋላ?»

«አንቺ የምትቀመጪው እዚያ አይደል? ሰውየው ሳቀብኝ በቃ።»

ኦሎምፒያን ስናልፍ መስኮቱን እስከ ጥጉ ከፈትኩት፤ ከመጨረሻው ወንበር «ኧረ ዝጋው» ሲባልም እንዳልሰማ ሆንኩ።