በዳዳ ለምን ዝም አለ

አቶ ወልደ ሐዋርያት የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት እያለከለኩ ሲወጡ፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ ከፊታቸው የምትሄደውን ሳሊሀን ደረሱባት። ሁለቱም ሳይቀጣጠሩ የወጡት ሠራተኛቸውን በዳዳን ለመጠየቅ ነው። ከትናንት በስቲያ ኮተቤ ባለው የእንጨት ሥራ ድርጅታቸው የመጋዝ ማሽን ሁለት ጣቶቹን ቆርጦበታል።

እርሳቸው በዚያ ድርጅት ሃያ ስድስት ዓመት በአለቅነት ኖረዋል። ሳሊሀ አስተዳደር ተምራ የመጣች ምክትላቸው ናት፤ ገና ዓመት አልሞላትም።

“እንዲያ ያለ ጠንቃቃ ልጅ!” አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። “ምን ነካው?”

“ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ ከአደጋው በኋላ የሰማሁትን ልንገርዎ። ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም ነበር። አገሩ ጦርነት ገብቶ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ እናቱ ትኑር ትሙት አያውቅም።”

“ታዲያ ለምን አልነገረኝም?”

“የአገር ጉዳይ በሥራ ቦታ አይነሣ ያሉት እርስዎ ነዎት። አብሮት የሚሠራው ማቲዎስ እንኳ መጋዙ ላይ ሲያንጎላጅ እያየው፣ ዘሩን ጠየቀ እንዳይባል ፈርቶ ዝም አለ።”

ሽማግሌው ተቆጡ። “የዛሬውን አየሽ እንጂ የያኔውን አላየሽም! በደርግ ጊዜ ጎረምሳ ሳለሁ፣ ኢቲቻ የሚባል የሥራ ጓደኛዬ ምሳ ላይ በጣላት አንዲት ቃል ተወስዶ ቀረ። አፍ ሲዘጋ ሰው ይተርፋል ብዬ ነው።”

ክፉ ቀን ያለፈ ሰው ያተረፈውን ዘዴ ለልጆቹ ያወርሳል፤ ለእነርሱ ዘመን ይበጅ አይበጅ እንደሆነ ግን አይመረምርም።

“ፍርሃትዎ እውነት ነው” አለች ሳሊሀ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “እኔም ጥፋተኛው እገሌ ነው እየተባባልን እንከራከር አላልኩም። ‘ቤተሰብህ ደኅና ነው? ዛሬ መጋዝ ላይ መቆም ትችላለህ?’ ማለት ግን ፖለቲካ አይደለም። ሰው ጭንቀቱን በር ላይ አራግፎ አይገባም፣ ጋሼ።”

“ብጠይቅስ ማን ያምነኛል?”

“አስቀድመው የራስዎን ይንገሯቸው።”

ፌስታሉን ከእጇ ተቀብለው ዳገቱን ቀጠሉ። በዳዳ ቤት ሲደርሱ ልጁ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተጋድሟል። ሊነሣ እየሞከረ፣ “ይቅርታ ጋሼ፣ ሥራ አስተጓጎልኩ” አላቸው። አቶ ወልደ ሐዋርያት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ።

ሰኞ ጠዋት ማሽኖቹን አስቁመው ሠራተኞቹን ሰበሰቡ፤ ለሚስታቸው እንኳ ነግረው የማያውቁትን የኢቲቻን ታሪክ ተናገሩ። ሲጨርሱ ማቲዎስ አንገቱን እንደደፋ፣ “ዘማች ወንድሜ ድምፁ ከጠፋ አምስት ወሩ ነው” አለ። እርሱና በዳዳ በየፊናቸው አንድ ዓይነት መርዶ ሲፈሩ፣ ክንድ ለክንድ ተነካክተው ይሠሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚጀመረው ሳሊሀ ባለቻቸው በእነዚያ ሁለት ጥያቄዎች ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ከመጋዝ ተነሥቶ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ እንጨት ያለሰልሳል፤ ዘር ለይቶ በየጥጉ መንሾካሾክም ቀንሷል። የበዳዳ እናት ወሬ ግን እስከ ዛሬ አልተሰማም፤ የማቲዎስ ወንድምም አልደወለም። አለቃ የአገሩን እሳት ማጥፋት አይችልም፤ ከሥሩ ካሉት ማን እየተቃጠለ እንደሆነ ሳይጠይቅ ማደር ግን አይገባውም።