ከድንበሩ ሣር ሥር

እጅ ጽሑፌ አያምርም፣ ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። አሰላ ዳር ያለችው ማሳችን የላይኛው አፈሯ ለቤት መደልደያ ተዝቆ ስለተወሰደ ነጭ ሽንኩርቱ ቢጫ ሆኖ ቀረ። አባቴ ነቅሎ ባሕር ዛፍ ሊተክል ቆረጠ። ጥግ ላይ ያሉት ሁለት መደቦች ብቻ ለምለም ናቸው። ስንተክል ለነሱ የሚሆን ፍግ ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ እንድለምን አባቴ ልኮኝ ነበር።

ማሳውን ሊያይ የመጣው የግብርና ባለሙያ ከለምለሙ አንዱን ከነአፈሩ ነቅሎ በማጉያ መነጽር ለአባቴ አሳየው። ከጸጉር የቀጠነ ነጭ ክር ከሥሩ ወደ አፈሩ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ይሄ ፈንገስ ነው።»

«በሽታ ነዋ።»

«አይደለም። ሥሩ ከማይደርስበት ምግብ ያመጣለታል፤ ሽንኩርቱም ስኳር ይሰጠዋል። ሳይታረስ የኖረ አፈር ውስጥ ይበዛል። ከየት አመጣችሁት?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ከእትዬ አስካለ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

አባቴ ባሕር ዛፉን ተወው። ነገ ለማሳው በሙሉ ፍግ ሊጭን ጋሪ ይዞ እሷ ዘንድ ይሄዳል። ስለዚህ ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፈው፤ እትዬ አስካለ ቤት አልሄድኩም። መለመን አፍሬ፣ ማንም ከማይነካው ከድንበሩ ሣር ሥር አንድ ቅርጫት አፈር ዝቄ ተመለስኩ።