አንቲረስቱ እስኪሰርግ

ለቡ ሰፈር አንድ ጎረቤት አለን፣ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ። ቤት ሠርተው ገቡ፤ የብረት በራቸው ግን ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ብቻ እንደተቀባ ቀረ። የቤት ምርቃቱን ድግስ ስንጠይቃቸው፣ «በሩ ቀለም ሳይቀባ ቤት አለቀ ይባላል? መጀመሪያ አንቲረስቱ ብረቱ ውስጥ ይስረግ» ይሉናል። ሁለት ክረምት ሙሉ ሰረገ። በሩ ከሥሩ መዛግ ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ እሳቸው ወጣ እንዳሉ እኔና ሁለት ጎረቤቶች ዝገቱን ፍቀን አረንጓዴ ቀለም ቀባንላቸውና ደጃፋቸው ላይ ጠበቅናቸው።

ጋሽ ታደሰ መጥተው በሩን አዩ፣ እኛን አዩ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አምሯል» አሉና ከፍተው ጀርባውን አሳዩን። «የውስጡ ግን ገና ነው።»

«እሱን ልንቀባ ነው የጠበቅንዎት» ብዬ ብሩሼን ይዤ ገባሁ። ምርቃት ማዘግየት ይቻላል፤ ግቢ ውስጥ ሲሠራ የዋለን ቀቢ ሳያበሉ መሸኘት ግን በሰፈራችን ነውር ነው።