ልጄ ጤነኛ ናት

አዳማ፣ ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፤ በሲሚንቶ ፋብሪካ የመኪና ሚዛን ላይ የምትሠራው ምንታምር ከወትሮዋ ቀድማ ገብታ፣ ልብስ በማጠፍ ላይ ካሉት እናቷ ከወይዘሮ ዘነቡ ፊት ቆማለች።

ምንታምር፦ ልብሱን ተዪው እማዬ። ስለ እኔ ጤና በስልክ የጠየቀሽ ሰው ነበር ወይ ነው ያልኩሽ።

ዘነቡ፦ መጀመሪያ ተቀመጪ። ፊትሽ ላይ ደም የለም። በዚህ ሰዓት ምን አመጣሽ? አባረሩሽ አይደል?

ምንታምር፦ አላባረሩኝም።

ዘነቡ፦ አባረውሻል። ጠዋት ስትወጪ ውስጤ ነግሮኛል።

ምንታምር፦ ገና አላባረሩኝም። ጥያቄዬን መልሺልኝ።

ዘነቡ፦ «ገና» ትለኛለች ደግሞ! ስንቱ ይደውላል፤ ባለፈው እንኳ ሎተሪ ደርሶሻል ያለኝ ሌባ ነበር።

ምንታምር፦ ይቺ ሴት ናት። ከበዓሉ በፊት ነው የደወለችው። ለስላሳ ድምፅ ያላት።

ዘነቡ፦ እሷማ ደውላለች።

ምንታምር፦ ምን አለችሽ?

ዘነቡ፦ ጨዋ ልጅ ናት። «እማማ» ነው ያለችኝ። ከምንታምር ጋር ነው የሚኖሩት አለችኝ፤ አዎ አልኳት። ጤናዋ እንዴት ነው አለችኝ።

ምንታምር፦ አንቺስ?

ዘነቡ፦ ምን እላለሁ? ልጄ ጤነኛ ናት አልኳት።

ምንታምር፦ ወይኔ።

ዘነቡ፦ ምን አደረግኩ? እንዲህ አድርገሽ አትመልከቺኝ፣ ልቤን ታቆሚዋለሽ።

ምንታምር፦ ስለ እንቅልፌ አልጠየቀችሽም?

ዘነቡ፦ ጠይቃኛለች። ታንኮራፋለች ወይ፣ ሌሊት ትንፋሽ ያጥራታል ወይ አለችኝ። እንቅልፏ የሕፃን ነው፣ መተኛቷም አይታወቅ አልኳት። ስኳርም በዘራችን የለም አልኳት። የሚጥል በሽታም የለብን፣ ሥጋ ደዌም የለብን።

ምንታምር፦ ስለ ሥጋ ደዌ ጠየቀችሽ?

ዘነቡ፦ አልጠየቀችኝም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። መጠየቅ አፍራ ይሆናል ብዬ።

ምንታምር፦ እማዬ፣ ሴትዮዋ ማን መሰለችሽ?

ዘነቡ፦ የእነ አቶ ምንዳዬ ወገን ናታ! ብዙነሽ በማኅበር ቀን ጆሮዬ ላይ ተጠግታ ነግራኛለች። ለልጃቸው አንቺን አስበዋል፣ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ያጠያይቃሉ፣ ተዘጋጂ ብላኛለች። ሳምንት ሳይሞላ ይቺ ደወለች። የማላውቀው ሰው ተነስቶ ስለ ሴት ልጄ ጤና ከጠየቀኝ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ምንታምር፦ ከየት ነኝ አላለችሽም?

ዘነቡ፦ የሆነ ድርጅት ጠርታለች። የምትሠራበት መስሎኝ። ሰው ለወንድሙ ሚስት ሲያፈላልግ ሥራ እንዳለውም ጣል ማድረግ ይወዳል።

ምንታምር፦ ኢንሹራንስ ናት እማዬ! እኛ ስንታመም ፋብሪካው የሚያሳክመን በእነሱ ነው። ለቀዶ ሕክምናው ክፈሉልኝ ብዬ አመልክቼ እሱን ስታጣራ ነው የደወለችው።

ዘነቡ፦ የምን ቀዶ ሕክምና?

ምንታምር፦ የጨጓራው፣ ለውፍረቴ።

ዘነቡ፦ ትቼዋለሁ ብለሽኝ ነበር!

ምንታምር፦ ባልልሽ ምን ላድርግ? ስሙን ገና ስጠራው ለሦስት ቀን እህል አልቀመስሽም።

ዘነቡ፦ እመቤቴ ሆይ! ስለዚህ ከጀርባዬ ልትታረጂ ነበር።

ምንታምር፦ ልታከም ነበር። አሁን ግን ተበላሽቷል። ስሚኝ። ለመልክ ብሎ ለሚከሳ ሰው አንከፍልም ነው የሚሉት። ውፍረቱ በሽታ ካመጣ ግን ይከፍላሉ። ሐኪሙ ሌሊት ትንፋሼ እንደሚቆም ጽፎልኛል። ግን በመሣሪያ አላየውም፣ እኔ የነገርኩትን ነው የጻፈው። ስለዚህ አብሮኝ የሚኖር ሰው ይጠየቃል። አንቺን አስመዘገብኩ።

ዘነቡ፦ ሳትነግሪኝ።

ምንታምር፦ ሳልነግርሽ። ጥፋቴ እሱ ነው። እውነቱን ትናገራለች ብዬ ነበር።

ዘነቡ፦ ስለ ሴት ልጄ በሽታ ለማላውቀው ሰው? አብጃለሁ?

ምንታምር፦ አሁን እነሱ እብድ ያሉት እኔን ነው። እብድ እንኳ አይደለም፣ ሌባ። ዛሬ አስተዳደር ጠራኝ። ኢንሹራንሱ «ሠራተኛችሁ የሌላትን በሽታ አስጽፋ ልታጭበረብር ነበር፣ እናቷ ራሳቸው መስክረውባታል» ብሎ ጽፏል። እስከ ዓርብ ቃልሽን ስጪ ብለውኛል።

ዘነቡ፦ መስክረውባታል? እኔ?

ምንታምር፦ አንቺ።

ዘነቡ፦ እኔ እኮ ያሞገስኩሽ መስሎኝ ነው። በቃ፣ ልታሰሪ ነው።

ምንታምር፦ ማን ነው የሚያስረኝ?

ዘነቡ፦ ከሥራ ያባርሩሽና ቀጥሎ ያስሩሻል። እኔም ተከራይቼ የምኖርበት አይኖረኝ። አቶ ምንዳዬም ይሰማሉ።

ምንታምር፦ አቶ ምንዳዬን ተያቸው።

ዘነቡ፦ ልጃቸው ደህና ልጅ ነው አሉ።

ምንታምር፦ ልጃቸውን ካንቺ በፊት አውቀዋለሁ። የተሳቢ ሹፌር አይደል? በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ይመጣል። ባለፈው የሚዛን ቤቱ መስኮት ክፍት መሆኑን ሳያይ ለጓደኛው ምን ሲለው እንደሰማሁ ልንገርሽ? «ቤተሰቦቼን ጥሩ ሰው ፈልጉልኝ ብል ይቺን ነው የሚያሳዩኝ፤ እሷን ጋቢና አስቀምጬ ብሄድ በትርፍ ጭነት እቀጣለሁ።»

ዘነቡ፦ አፉን ይዝጋው!

ምንታምር፦ ሳቁ። እኔም ወረቀቱን ፈርሜ በመስኮት ሰጠሁት። አመሰገነኝ።

ዘነቡ፦ ለምን አልነገርሽኝም?

ምንታምር፦ ብነግርሽ ምን ታደርጊያለሽ? ጥሩ ምሳ ትሠሪልኛለሽ።

ዘነቡ፦ ይኼ ደግሞ በደል ሆነ?

ምንታምር፦ በደል አላልኩም። አሁን ስልክሽን አንሥተሽ ደውይላት። እኔ ብደውል አይሰሙኝም። ቃሉን የሰጠው ሰው ራሱ ካስተካከለው እንደገና እናየዋለን ብለዋል።

ዘነቡ፦ አልደውልም።

ምንታምር፦ እማዬ!

ዘነቡ፦ ለፋብሪካው እጽፍልሻለሁ። እናቷ ነኝ፣ ያረጀሁ ሴት ነኝ፣ ጥያቄው አልገባኝም ነበር እላለሁ። ሥራሽን አያስለቅቁሽም። ለቢላዋ ግን ቃል አልሰጥም። የወርቅነሽ ልጅ ተከፍታ ምን ሆነች?

ምንታምር፦ የወርቅነሽ ልጅ በጉበት ነው የሞተችው።

ዘነቡ፦ ከተከፈተች በኋላ ነው የሞተችው!

ምንታምር፦ የተከፈተችው እንቅርቷን፣ ያውም ልጅ እያለን! አግብታ፣ ወልዳ፣ ፈትታ ነው የሞተችው።

ዘነቡ፦ ቢሆንም። አካሏ አንዴ ተነክቶ ነበር።

ምንታምር፦ አሁን ምን ይባላል?

ዘነቡ፦ ጎመን እሠራልሻለሁ። ዘይት አልነካም። ማታ ማታ አብረን እንራመዳለን።

ምንታምር፦ ጎመኑን በልቼ፣ ጾሙን ጾሜ፣ ጸበሉን ጠጥቼ አይተነዋል። ሚዛን ቤቱ ያለችው ያቺ አጭር ደረጃ እንኳ መሐል ላይ ታስቆመኛለች። ስልክ የሚነጋገር ሰው መስዬ ነው የምቆመው።

ዘነቡ፦ እንግዲያው ከራሳችን እንክፈልና ሌላ ሐኪም እንጠይቅ። እቁቤ ሊወጣልኝ ነው።

ምንታምር፦ እቁብሽ ለማደንዘዣውም አይበቃ። ደግሞ ብንከፍል ትፈቅጃለሽ?

ዘነቡ፦ አልፈቅድም።

ምንታምር፦ እንግዲያ የምናወራው ስለ ገንዘብ አይደለማ።

ዘነቡ፦ አንቺ አታስታውሽውም። ኩፍኝ ይዞሽ በነበረ ጊዜ ክንድሽን ስይዘው የያዝኩት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ጎረቤት ሲገባ አንቺን አይቶ ወደኔ አይመለከትም ነበር፤ ወለሉን ነበር የሚመለከተው። እኔ ገባኝ። አንዲት ሴትማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የመጣችው፣ ደርሼ አገኛታለሁ ብላ ይሁን አልፋ ይሆናል ብላ እንጃ። ከዚያ በኋላ በሆነ ቀን ገንፎ በላሽ። ሥጋ ሲጨመርብሽ እያንዳንዷን አመስግኜ ነው ያየኋት። አሁን ያቺን የበላሽባትን ጨጓራ ቆርጠን እንጣላት ሲሉኝ እሺ ልበል?

ምንታምር፦ ሁሉንም አይጥሉትም።

ዘነቡ፦ ደውዬም ቢሆን... አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል «ውሳኔውን ለድርጅታቸው እናሳውቃለን» ብላኝ ነበር። እሱን ስሰማ ጠረጠርኩ። ሽማግሌ የሚልክ ሰው ለድርጅት ምን ያሳውቃል?

ምንታምር፦ ጠርጥረሽ ለምን መልሰሽ አልደወልሽም?

ዘነቡ፦ ደስ አለኝ። ከተሳሳትኩም እንኳን ተሳሳትኩ አልኩ። ቢላዋው ራቀልኝ።

ምንታምር፦ አንቺ ከቢላዋ ስታሸሺኝ ሌላው ነገር እቤት ውስጥ ነው ያለው። እየታፈንኩ ነው የምነቃው እማዬ። ጥልቅ ውኃ ውስጥ እንዳለሁ ሆኖ፣ ከዚያ አንድ ነገር ትከሻዬን ይገፋኛል፣ አየር ይገባልኛል። እስካሁን በሕልሜ ነው እላለሁ።

ዘነቡ፦ ሕልም አይደለም።

ምንታምር፦ ምኑ?

ዘነቡ፦ የሚገፋሽ። እኔ ነኝ።

ምንታምር፦ አንቺ እኮ ሳሎን ነው የምትተኚው።

ዘነቡ፦ አንቺ እስክትተኚ ነው ሳሎን የምሆነው። ከዚያ በርጩማዋን ይዤ እገባለሁ። ማንኮራፋትሽ ደህና ነው፣ እሱን ስሰማ እጸልያለሁ። ዝም ስትዪ ነው የምፈራው። ዝም ስትዪ እገፋሻለሁ።

ምንታምር፦ ከመቼ ጀምሮ?

ዘነቡ፦ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት።

ምንታምር፦ ለዚህ ነዋ ቅዳሴ ላይ ቆመሽ የምታንቀላፊው። ለዚህ ነው ወጡ ሁልጊዜ የሚያርርብሽ።

ዘነቡ፦ ዕድሜ ነው ብዬሻለሁ።

ምንታምር፦ አንቺ ታውቂያለሽ ማለት ነው! ሐኪሙ በእኔ አፍ የጻፈውን አንቺ በዓይንሽ ታይዋለሽ። ለሴትዮዋ ግን መተኛቷም አይታወቅ አልሽ!

ዘነቡ፦ እኔ ካለሁልሽ ሌላ ሰው ማወቅ ለምን ያስፈልገዋል? ተነሥቼ እገፋሻለሁ፣ ያልፋል። ቢላዋ ምን ያደርጋል?

ምንታምር፦ እንቅልፍ የወሰደሽ ቀንስ?

ዘነቡ፦ አይወስደኝም።

ምንታምር፦ ሰው ነሽ እኮ።

ዘነቡ፦ አይወስደኝም አልኩሽ!

ምንታምር፦ እሺ፣ አትጩኺ። ግን ምን ሆነሻል? ያንን አንሶላ ስገባ ጀምረሽ አራት ጊዜ አጥፈሽ ዘረጋሽው።

ዘነቡ፦ ጉንጭሽን ያምሻል?

ምንታምር፦ እንዴት አወቅሽ? ጠዋት ያመኝ ነበር። የትራሱ ዚፕ መስሎኝ።

ዘነቡ፦ ትራሱ አይደለም።

ምንታምር፦ እማዬ?

ዘነቡ፦ ትናንት ወሰደኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ነበር፣ ለትንሽ ጊዜ ዓይኔን ልክደን ብዬ። ስነቃ ቤቱ ጭር ብሏል። ገፋሁሽ። ምንም። እንደገና ገፋሁሽ፣ እንደ ጆንያ ተመልሰሽ ወደቅሽ። መብራት ሳበራ ከንፈርሽ ጠቁሯል። በጥፊ መታሁሽ። በሕይወቴ መትቼሽ አላውቅም፣ በትናንትናው ሌሊት ግን ስንት ጊዜ እንደመታሁሽ አላውቅም። ከዚያ ጮኸሽ ተነፈስሽ፣ ዞረሽም ተኛሽ።

ምንታምር፦ ምንም አላስታውስም።

ዘነቡ፦ እኔ አስታውሳለሁ። ጠዋት «ደህና አደርሽ» ስትዪኝ ፊቴን ያዞርኩት ለዚያ ነው።

ምንታምር፦ ነይ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። አልዋሽሽም እማዬ፣ ቀዶ ሕክምናውም ያስፈራኛል። ሐኪሙ የማይነሣ ሰው የለም አላለኝም። ግን እዚያ ቢያንስ የሚጠብቀኝ ሰው በርጩማ ላይ አያንቀላፋም።

ዘነቡ፦ ስልኬን ስጪኝ።

ምንታምር፦ ብዙነሽ ትሰማለች፤ ከሰማች ደግሞ ማኅበሩ ሁሉ ይሰማል።

ዘነቡ፦ ይስሙ። እንዳይዘጉ፣ ቶሎ በዪ። መነጽሬንም።

ምንታምር፦ ቁጥሯን አጥፍተሽው ከሆነ እኔ ጋ አለ።

ዘነቡ፦ አላጠፋሁትም። መዝግቤዋለሁ።

ምንታምር፦ በማን ስም? ቆይ፣ ይኼ ነው? «የምንትዬ አማች»?

ዘነቡ፦ አትሳቂብኝ። ጥሪው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።

ምንታምር፦ አልሳቅኩም። እየጠራ ነው፣ ያዢው።

ዘነቡ፦ ሄሎ? አዎ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አይ፣ ደህና አይደለሁም። ልጄ ጤነኛ ናት ያልኩሽ ሴትዮ ነኝ። ብዕር ያዢና ጻፊልኝ፣ የኔ ልጅ። ልጄ በየሌሊቱ ትሞትብኛለች።